ሥር ያወጣ ቅጠል ሁሉ ተክል አይሆንም

በስጦታ ያገኘኋት ልብ የመሰለች አንዲት የሆያ ቅጠል ነበረችኝ። በትንሽ ሸክላ ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ የምታብረቀርቅ ቅጠል። ውሃ እያጠጣሁ፣ አቧራዋን እየጠረግሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅኋት፤ አንዲት ቡቃያ እንኳ አላሳየችኝም። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ ስነቅላት ሸክላውን የሞላ ነጭ ሥር ይዛ ወጣች። ሥር አላት፣ ሕይወትም አላት፣ ልጅ ግን አይወጣትም። ተክልን ከቅጠል ስለማባዛት አስቀድሜ ማወቅ የነበረብኝን ነገር ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በአንጓው ላይ፣ የተኛ ቡቃያ አለ። አዲስ ቅርንጫፍ የሚነሣው ከዚያ ነው። ቅጠሉን ብቻውን ቆርጠን ስንወስድ ይህ ቡቃያ እናት ተክሉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የተቆረጠው ቅጠል ሥሩንም ቡቃያውንም ከባዶ ተነሥቶ መሥራት አለበት። ሥሩ ለብዙዎቹ አይከብድም። ቡቃያ መሥራት የሚችሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ፎልኬ ስኩግና ካርሎስ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1957 ከትንባሆ ግንድ በተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ላይ የሁለት ሆርሞኖችን ሚዛን አሳይተዋል። ኦክሲን የተባለው ሲበዛ ሥር ይወጣል፣ ሳይቶካይኒን የተባለው ሲበዛ ቡቃያ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ደግሞ ቅርጽ የሌለው እብጠት ብቻ ያድጋል። ይህን የማነሣው ለእውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ሥር ማስወጫ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት የኦክሲን ዓይነት ነው። ለግንድ ቁራጭ ይጠቅማል፤ ቅጠል ላይ ሲበዛ ግን ሥሩን አብዝቶ ቡቃያውን ሊያዘገይ ይችላል። ከዚህ በታች ለምዘረዝራቸው ተክሎች እኔ ዱቄቱን መጠቀም ትቻለሁ፤ ያጣሁትም ነገር የለም።

የትኛው ይሆናል፣ የትኛው አይሆንም

በቅጠል ብቻ የሚባዙት አፍሪካን ቫዮሌት፣ ስትሬፕቶካርፐስ፣ ሬክስ ቤጎኒያ፣ አብዛኞቹ ፔፔሮሚያዎች፣ ሳንሴቬሪያና ዚዚ ተክል ናቸው። ቅጠላቸው ውሃ ካዘለ ወፍራም ተክሎች መካከል ደግሞ ኤቼቬሪያ፣ ግራፕቶፔታለም፣ ሴዱምና ክራሱላ አሉ። የእንዳሁላ ዘመድ የሆኑ አንዳንድ ካላንቾዎች እኛን እንኳ አይጠብቁም፤ በቅጠላቸው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ልጆች ደርድረው ራሳቸው ያራግፋሉ፣ በዙሪያቸው ያለውንም ሸክላ ሁሉ ይወርራሉ።

ፖቶስ፣ ፊሎደንድሮን፣ ሞንስቴራ፣ የጎማ ፊከስና ሆያ በቅጠል ብቻ አይሆኑም። ከእነዚህ ላይ ስትቆርጡ ከቅጠሉ ጋር ቢያንስ አንድ አንጓ ያለው የግንድ ቁራጭ መምጣት አለበት። አገዳ የመሰለ ረጅም ግንድ ያላቸው ቤጎኒያዎችም፣ የሬክስ ዘመዶች ቢሆኑም፣ ብዙውን ጊዜ ቅጠላቸው ሥር አውጥቶ እዚያው ይቆማል። እሬት ደግሞ ከሁሉም በላይ ሰውን ያሳስታል። ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ የሚበቅል ይመስላል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ይበሰብሳል። እሬት የሚባዛው ከእናቲቱ ሥር የሚወጡትን ልጆች ነቅሎ በመትከል ነው።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። ስለት ያለው ምላጭ ወይም ቢላዋ፣ መጥረጊያ አልኮል፣ ከታች ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ወይም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከዚያ መትከያ አፈር። መቀስ ስሱን የቅጠል ዘንግ ጨፍልቆ ይቆርጠዋል፣ የተጨፈለቀ ጫፍ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ምላጭ ይሻላል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ምላጩን በአልኮል ጥረጉት።

ለሸክላ ተክል የምትጠቀሙበትን ለም አፈር እዚህ እርሱት። ሥር የሌለው ቅጠል ምግብ መሳብ አይችልም፤ በዚያ ላይ ለም አፈር ውሃ ይይዛል፣ ሻጋታም ይቀልባል። እኩል መጠን ያለው ፐርላይት (ቀላል፣ ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እና የኮኮናት ገለባ ብናኝ ቀላቅሉ። ፐርላይት ከሌለ በደንብ የታጠበ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ይበቃል፤ የባሕር አሸዋ ግን ጨው ስላለበት አይሆንም። ድብልቁን አርጥባችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልኩ ነው፤ ውሃ ከወረደው ግን ጥቂት አድርቁት።

ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ ሥር ከማውጣቱ በፊት መበስበስ ይቀድመዋል። ብርሃኑ ብዙ፣ ግን በቀጥታ የማያርፍ ይሁን፤ በተሸፈነ ዕቃ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ በአንድ ቀትር ቅጠሉን ይቀቅለዋል። በመብራት የምትሠሩ ከሆነ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ማብራት በቂ ነው።

አፍሪካን ቫዮሌት

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ተክል ነው። ይቅር ባይ ነው፣ ውጤቱም ይታያል። ለአውሮፓ ያስተዋወቀው የጀርመን ቅኝ ገዥ ሹም የነበረው ዋልተር ፎን ሳንክት ፖል ሲሆን፣ ተክሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ባሉት የኡሳምባራ ተራሮች ነው። እዚያ የሚያድገው በደን ጥላ ሥር፣ የድንጋይ ሽበት ባለበሳቸው ርጥብ ዐለቶች ስንጥቅ ውስጥ ነው። ይህን ካሰባችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ይሆንላችኋል፤ ርጥብ አየር፣ ለስላሳ ብርሃን፣ በጣም ጥቂት አፈር።

1. ቅጠል ምረጡ። ከውጭኛው ዙር ያሉት አርጅተዋል፣ ከመሃል ያሉት ገና ጨቅላ ናቸው። በመካከለኛው ዙር ካሉት ጠንካራና ንጹሕ የሆነውን ውሰዱ። ተክሉን አንድ ቀን አስቀድማችሁ አጠጡት፤ የጠወለገ ቅጠል ሥር አያወጣም።

2. ቅጠሉን ከነዘንጉ ወደ ጎን ሰበር አድርጋችሁ ከግንዱ ላይ ንቀሉት። እናቲቱ ላይ ጉቶ አታስቀሩ፤ ጉቶው ይበሰብስና ወደ ግንዱ ይዘልቃል።

3. ዘንጉን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ በምላጭ በሰያፍ ቁረጡት። የተቆረጠው ፊት ከቅጠሉ የላይኛው ገጽ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን። ልጆቹ የሚወጡት ከዚህ ቁስል ስለሆነ ወደ ብርሃን የሚወጡበት መንገድ ይቀልላቸዋል። ዘንጉ ሲረዝም ሥር ይወጣል፣ ልጆቹ ግን ከጥልቅ ለመውጣት ብዙ ሳምንት ይፈጃሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ረጅም ዘንግ ጥንካሬ መስሎኝ ነበር።

4. ቅጠሉ ትልቅ ከሆነ የላይኛውን ሲሶ አግድም ቁረጡት። ሲያዩት ያሳዝናል፤ ሆኖም ቅጠሉ ራሱን ማሳደጉን ትቶ ልጅ ወደ ማውጣት እንዲዞር ይገፋፋዋል፤ ቦታም ይቆጥባል።

5. በእርሳስ ጫፍ አፈሩን ብሱት፤ ዘንጉን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ዙሪያውን በጣት ጠጋ ጠጋ አድርጉት። የቅጠሉ ገላ አፈሩን አይንካ። ቅጠሉ እንዳይወድቅ በዕቃው ጠርዝ ላይ ደገፍ ቢል ጥሩ ነው።

6. በፌስታል ሸፍኑት፤ የተተከለበትን ቀንና የዝርያውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሦስት ወር ሲያልፍ የትኛው የትኛው እንደነበር አስታውሳለሁ የሚል ሰው አይቼ አላምነውም።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። በየጥቂት ቀኑ ፌስታሉን ለደቂቃዎች ክፈቱና አየር ይግባበት። በውስጡ ጠል ቢያዝ ምንም አይደለም፤ ውሃው ወለል ብሎ የሚወርድ ከሆነ ግን ርጥበቱ በዝቷልና ለጥቂት ሰዓት ክፍት ተዉት። ሥሩ በሦስትና አራት ሳምንት ይወጣል፤ ልጆቹ ከአፈር ብቅ የሚሉት ግን በአብዛኛው ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው። በመካከሉ ምንም የማይታይበት ረጅም ጊዜ አለ። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት ቅጠሉን መንቀል ያጓጓል፤ የተነቀለ ሥር ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማወቅ ካሰኛችሁ ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም በዝግታ ሳብ አድርጉት። ተከትሎ ካልመጣ ሥር ይዟል።

ፔፔሮሚያም እንዲሁ ከነዘንጉ ይተከላል። ክብ የሐብሐብ ልጣጭ የመሰለ ቅጠል ያለው ዝርያ ደግሞ ቅጠሉ በአግድም ለሁለት ተቆርጦ የተቆረጠው ጠርዝ አፈር ውስጥ ሲገባ ከጠርዙ ላይ ልጆች ያወጣል። የቫዮሌት የቅርብ ዘመድ የሆነው ስትሬፕቶካርፐስ ከዚህም ይብሳል። ረጅሙን ቅጠል ከመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ጅማቱን ጣሉት፤ ሁለቱን ግማሾች የተቆረጠው ጎናቸው ወደ ታች ሆኖ በቀጭን ፈር ውስጥ አቁሟቸው። ሲሳካ ልጆቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው ይወጣሉ።

ሬክስ ቤጎኒያ፦ ጅማቱን መቁረጥ

እዚህ ዘንጉ አያስፈልግም፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። ቅጠሉን ገልብጡት፤ በጀርባው ላይ እንደ ጣት የተዘረጉ ወፍራም ጅማቶች ታያላችሁ። ጅማቶቹ በሚከፈሉበት መጋጠሚያ አጠገብ በምላጭ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አግድም ቁረጡ። አራት አምስት ቦታ ይበቃል፤ ቅጠሉን ወንፊት ማድረግ አይገባም። ከዚያ ጀርባውን ወደ ታች አድርጋችሁ በርጥብ አፈር ላይ አንጥፉት። የተቆረጡት ቦታዎች አፈሩን ካልነኩ ምንም ነገር አይሆንም፤ ስለዚህ በታጠፈ ሽቦ ወይም በትንንሽ ንጹሕ ጠጠሮች ያዙት። ሸፍኑት፣ ከላይ ውሃ አታፍስሱበት። አፈሩ ሲደርቅ ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ አስቀምጡና ከታች ይጠጣ።

ቅጠሉ ትልቅ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ወፍራም ጅማት እንዲይዝ ሆኖ ቅጠሉ እንደ ዳቦ ቁራሽ ይከፋፈላል፤ ወደ ዘንጉ የነበረው ሹል ጫፍ ወደ ታች ይተከላል። ይህ ከአንድ ቅጠል ብዙ ተክል ይሰጣል፣ ብዙ የቁስል ጠርዝ ስላለ ግን መበስበሱም ይበዛል። ጥቂት ተክል ብቻ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ይሞክር።

ሳንሴቬሪያ፦ ላይና ታቹን አትርሱ

እንደ ሰይፍ የቆመውን ረጅም ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው ቁራጮች መከፋፈል ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። ቁራጩ ከሥር በኩል የነበረውን ጫፍ ያስታውሳል፤ ተገልብጦ ከተተከለ ሥር አያወጣም። ከተቆረጡ በኋላ ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ እየቆረጣችሁ የታችኛውን ጫፍ ሹል፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጉት፤ መሳሳት አይኖርም። ሁለት ሦስት ቀን በጥላ አስቀምጣችሁ ቁስሉ ሲጠግግ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት፤ አይሸፈንም፤ ውሃውም አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። ሥር ለማየት ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ቡቃያ ለማየት ደግሞ ከዚያ በላይ ብዙ ወር ይፈጃል።

ሁለተኛው የሚያበሳጭ ነው። ቅጠሉ ጠርዙ ቢጫ ከሆነ፣ ከቁራጩ የሚወጣው ልጅ ቢጫውን አይወርስም፤ ተራ አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠሉ የሁለት ዓይነት ሕዋሳት ድብልቅ ነው፤ አዲሱ ቡቃያ ከአረንጓዴዎቹ ይነሣል። ቢጫውን ጠርዝ የምትፈልጉ ከሆነ ቅጠል አትቁረጡ፤ ተክሉን ከነሥሩ አውጥታችሁ ከፋፍሉት። አበባቸው እንደ ጎማ ጨረር ባለ መስመር ያጌጠ አንዳንድ አፍሪካን ቫዮሌቶችም በዚሁ ምክንያት ከቅጠል መልካቸውን ጠብቀው አይወጡም።

ውሃ አዘሎቹ፦ ሕጉ ይገለበጣል

እስካሁን ሸፍኑ፣ አርጥቡ ስል ቆይቼ አሁን ተቃራኒውን ልናገር ነው። ኤቼቬሪያ፣ ግራፕቶፔታለምና ሴዱም ውሃቸውን በቅጠላቸው ይዘው ነው የሚለዩት። ርጥብ አየር ውስጥ ከታፈኑ ቁስላቸው ሳይጠግግ ይበሰብሳል።

ቅጠሉን ከሥሩ ያዙና ግራ ቀኝ በቀስታ እያወዛወዛችሁ ንቀሉት። መገንጠያው ሙሉ መሆን አለበት፤ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ጫፍ ስለሆነ፣ ጥቂት እንኳ ግንዱ ላይ ከቀረ ቅጠሉ ከንቱ ነው። በምላጭ መቁረጥ እዚህ አይሠራም። የተነቀሉትን በወረቀት ላይ አሰጧቸው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በጥላ ይቆዩ። ከዚያ በደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ አስተኟቸው። መቅበር አያስፈልግም። ሮዝ ወይም ነጭ ክር የመሰለ ሥር ሲያወጡ አፈሩን በመርጫ ማርጠብ ጀምሩ፤ ከዚያ በፊት የሚሰጣቸው ውሃ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። እናት ቅጠሏ ቀስ በቀስ ትጨማደዳለች፤ ውሃዋን ለልጇ እየሰጠች ስለሆነ አትደንግጡ፣ ደርቃ ራሷ እስክትወድቅ አትንኳት።

ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆኑ ትልልቅ ኤቼቬሪያዎች በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። እነርሱ ላይ አበባ ከሚሸከመው ዘንግ ትንንሾቹን ቅጠሎች ወስዳችሁ ሞክሩ፤ እነዚህ የተሻለ ይሠራሉ። ክራሱላም በቅጠል ይሆናል፤ ግን በትንሽ የግንድ ቁራጭ በጣም ስለሚፈጥን በቅጠል መድከሙ ለእኔ አይታየኝም።

ዚዚ ተክል

አንዷን ትንሽ ቅጠል ከዘንጉ ገንጥላችሁ አንድ ቀን አድርቋትና 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትከሏት። ጭማቂው ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጃችሁን ታጠቡ። የዚህ ተክል አገሩ የአፍሪካ ምሥራቅና ደቡብ ሲሆን፣ ድርቅን የሚያልፈው ውሃ በከርሰ ምድር ድንቹ ውስጥ አከማችቶ ነው። ቅጠሏም የምትሠራው መጀመሪያ ሥርና ትንሽ ድንች ነው፤ ከአፈር በላይ ቡቃያ ለማየት ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ መካከል ቅጠሏ ቢጫ ሆና ልትሞት ትችላለች። ዕቃውን አትድፉት፤ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ድንቹ ጠንካራ ከሆነ ተክሉ በሕይወት አለ።

ሲበላሽ

ዘንጉ ጠቁሮ ከለሰለሰ መበስበስ ጀምሯል። በቫዮሌትና በፔፔሮሚያ ላይ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ቆርጣችሁ በአዲስ አፈር መትከል ይቻላል። ግራጫ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ የተበላሸውን ቅጠል አውጡ፣ ሌሎቹንም ለአየር ክፈቱላቸው። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ የሚነሡ ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ የላይኛው አፈር ይድረቅ። ብዙ ሰው ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ይነሰንሳል። ቀረፋ ቁስል ያደርቃል እንጂ ሥር አያስወጣም፤ ስለዚህ በእኔ ቤት ሥራው ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ማቆምስ? ለቫዮሌት ይሆናል፣ ሥሩ ሲወጣ ማየቱም ደስ ይላል። ነገር ግን በውሃ የወጣ ሥር ተሰባሪ ነው፣ አፈርን እንደገና መልመድ አለበት። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሳይረዝም ወደ አፈር አዛውሩት።

ልጆቹን መለየት

የቫዮሌት ልጆች ከእናት ቅጠላቸው ሥር ተጠጋግተው ይወጣሉ። ለመለየት አትቸኩሉ። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አራት ቅጠል ሲኖረውና ቁመቱ የእናቲቱን ሲሶ ያህል ሲሆን ጊዜው ደርሷል። አፈሩን አርጥባችሁ ሁሉንም አንድ ላይ አውጡ፤ በጣት እያላላችሁ ሥራቸውን ለዩ። አራት አምስት ልጅ ቢወጣ የተለመደ ነው። አንድ ላይ የተጣበቁትን በኃይል አትገንጥሉ፤ ትንሽ ሥር የቀረውም ይድናል፣ ምንም ሥር የሌለው ግን እንደገና ፌስታል ይፈልጋል።

አዲሱ ሸክላ ትንሽ ይሁን፤ አፉ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። በትልቅ ሸክላ ውስጥ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ያቁራል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደተሸፈኑ ይቆዩ፤ ከዚያ ፌስታሉን በየቀኑ ጥቂት እያሰፋችሁ ክፈቱላቸው። በአንድ ጊዜ ከተገለጡ ይጠወልጋሉ። ማዳበሪያ የሚጀመረው አሁን ነው፤ በዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩብ ብቻ።

እናት ቅጠሏስ? ገና ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነች አትጣሏት። የዘንጓን ጫፍ በአዲስ ምላጭ ትንሽ ቆርጣችሁ መልሳችሁ ትከሏት፤ ሁለተኛ ጊዜ ትወልዳለች። እኔ ዘንድ አንዲት ሐምራዊ ቫዮሌት ሦስት ጊዜ ወልዳለች፤ በሦስተኛው ዘንጓ ከጥፍር የማይበልጥ ሆኖ ነበር።